ሳይነካ ክፍት፣ ሳይነካ ዝግ

ዛሬ ሁለት ቃላት እናነባለን፤ «ክፍት» እና «ዝግ»። ቃላቱን ታውቋቸዋላችሁ። በኮረንቲ ሥራ ላይ ግን ያሳስታሉና ልብ ብላችሁ ተከታተሉኝ።

ቤት ውስጥ «ራዲዮኑን ክፈተው» ስንል ይናገር ማለታችን ነው። «ዝጋው» ስንል ዝም ይበል ማለታችን ነው። የኤሌክትሪክ ባለሙያ አነጋገር ግን የዚህ ተቃራኒ ነው። ለምን? ኮረንቲ የሚሄደው በሽቦ ነው። መንገዱ ከተቋረጠ አያልፍም። ድልድይ የፈረሰበትን ወንዝ አስቡ። መሐሉ ክፍት ስለሆነ ሰው አይሻገርም። ድልድዩ ሲሠራ ክፍተቱ ይዘጋል፤ ሰውም ይሻገራል። እንግዲህ ክፍት ማለት ኮረንቲ አያልፍም፣ ዝግ ማለት ኮረንቲ ያልፋል ማለት ነው።

አዝራርም ሁለት ዓይነት አለ። አንደኛው ማንም ሳይነካው ክፍት ነው። ስንጫነው ይዘጋል፤ ስንለቀው ተመልሶ ይከፈታል። የበር ደወል እንዲህ ነው። ሁለተኛው ማንም ሳይነካው ዝግ ነው። ስንጫነው ይከፈታል። የማቀዝቀዣ በር ሲከፈት ውስጡ ይበራ የለም? በሩ ሲገጠም ትንሿን አዝራር ይጫናታል፤ የኮረንቲው መንገድ ይቋረጣል፤ መብራቱም ይጠፋል።

አሁን ወደ ወፍጮ ቤት እንሂድ። በኤሌክትሪክ የሚሠራ ወፍጮ ብዙ ጊዜ አረንጓዴና ቀይ አዝራር አለው። አረንጓዴው ማስነሻ፣ ቀዩ ማቆሚያ ነው። ማስነሻው ሳይነካ ክፍት ነው። ማቆሚያው ግን ሳይነካ ዝግ መሆን አለበት። ምክንያቱ ምንድን ነው?

ወደ ማቆሚያው የሚሄደውን ሽቦ አይጥ በላችው እንበል። አዝራሩ ሳይነካ ዝግ ከሆነ፣ ሽቦው እንደተበጠሰ ወፍጮው ራሱ ይቆማል። ያን ቀን ሥራ እንፈታለን፤ ብልሽቱ ግን ወዲያው ይታወቃል። አዝራሩ ሳይነካ ክፍት ቢሆንስ? ሽቦው ተበጥሶም ወፍጮው ምንም እንዳልሆነ ይፈጫል። ብልሽቱን ማንም አያውቅም። አንድ ቀን የአንዲት እናት ነጠላ በቺንጋው ይያዛል። ሰው ሮጦ ቀዩን ይጫናል። ቢጫን፣ ቢጫን፣ ወፍጮው አይቆምም። ያን ጊዜ የሚጠፋው ገንዘብ አይደለም፤ ሰው ነው።

ስለዚህ የማቆሚያ አዝራር ሲበላሽ፣ ቀይ ስለሆነ ብቻ ማንኛውንም አዝራር ገዝቶ መግጠም አይገባም። ቀለሙ አይበቃም፤ የተጻፈበት ይነበብ። ብዙ አዝራሮች ሽቦ በሚታሰርባቸው ቦታዎች ላይ ቁጥር አላቸው። 1 እና 2 ከሆነ ሳይነካ ዝግ ነው። 3 እና 4 ከሆነ ሳይነካ ክፍት ነው። ቁጥሩ ባለ ሁለት አሐዝ ሲሆን የመጨረሻዋን ተመልከቱ። 21 እና 22 ዝግ ነው፤ 13 እና 14 ክፍት ነው።

ሣጥኑን ከፍቶ ሽቦ መንካት ግን የባለሙያ ሥራ ነው። እሱም ቢሆን አስቀድሞ ኮረንቲውን ከዋናው ማጥፋት አለበት። የእናንተ ድርሻ ማንበብና መጠየቅ ነው። «ወንድሜ፣ ይኼ ማቆሚያ ሳይነካ ዝግ ነው ወይ?» በሉት። መጠየቅ ነውር አይደለም።

መልመጃ፤ መልሱን በደብተራችሁ ጻፉ።
1. የበር ደወል አዝራር ሳይነካ ክፍት ነው ወይስ ዝግ?
2. የወፍጮ ማቆሚያ ሳይነካ ዝግ የሚሆነው ለምንድን ነው?
3. 13 እና 14 የተጻፈበት አዝራር ለማቆሚያ ይሆናል?