ሥዕልን ከማተሚያ ቤት በፊት ስለ መመርመር
(በማኅበራችን ዓመታዊ ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር)




ዛሬ የምናገርበት ጉዳይ መጀመሪያ ሲሰሙት አነስተኛ ሊመስል ይችላል። ድልድይ ስለ መሥራት ወይም ወንዝ ስለ መጥለፍ አይደለም። በኮምፒዩተር ያዘጋጀነውን ሰነድ ወደ ማተሚያ ቤት ከመላካችን በፊት፣ በውስጡ የሚገኙትን ፎቶግራፎች፣ ካርታዎችና ንድፎች እንዴት መመርመር እንደሚገባን ነው። ይሁን እንጂ መሐንዲስ የሚያውቀውን ለሌላው የሚያስረዳው አብዛኛውን ጊዜ በሥዕል ስለሆነ፣ ሥዕሉ ከተበላሸ የድካሙ ፍሬ ከአንባቢው ዘንድ ሳይደርስ ይቀራል። ይህንንም የተማርሁት ከመጽሐፍ ሳይሆን ከራሴ ስሕተት በመሆኑ፣ ንግግሬን ከዚያው እጀምራለሁ።

ደልጊ በጣና ሐይቅ ሰሜን ምዕራብ ዳርቻ የምትገኝ የጣቁሳ ወረዳ ከተማ ናት። ከባሕር ዳር ወደ ጎርጎራ የሚመላለሰው መርከብ ከሚያርፍባቸው ስፍራዎች አንዷ ሆና ኖራለች። በሐይቁ ዳርቻ ያለው ገበሬ፣ ውሃው በበጋ ሲሸሽ የሚገለጠውን መሬት «ባሕር ሸሽ» ይለዋል፤ እርጥበቱም ሳይጠፋ ይዘራበታል። ዓባይ ከሐይቁ በሚወጣበት ላይ እ.ኤ.አ. በ1996 ሥራ የጀመረው የጨረጨራ ግድብ፣ የሐይቁን ውሃ ከባሕር ወለል በላይ በ1784 እና በ1787 ሜትር መካከል ለመቆጣጠር የታሰበ ነው። ሦስት ሜትር በገደላማ ስፍራ ከቁም ነገር አይገባም፤ ዳርቻው ሜዳ በሆነበት ግን ብዙ ማሳ ይሸፍናል፣ ብዙ ማሳም ይገልጣል።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ከባልደረቦቼ ጋር ስለዚሁ ዳርቻ አንድ ትንሽ ጥራዝ አዘጋጅተን ነበር። የጥራዙ ልብ አንድ ካርታ ነው። በካርታው ላይ ሁለት መስመሮች ነበሩ። ሰማያዊው ውሃው ከፍ ሲል የሚደርስበትን ያሳያል፤ አረንጓዴው ደግሞ ለደንገሉና ለቄጠማው መጠበቂያ እንዲከለል በሐሳብ ያቀረብነውን ስፍራ ያመለክታል። ሁለቱ መስመሮች አንዳንድ ቦታ ይቀራረባሉ፣ አንዳንድ ቦታም ይሻገራሉ። በኮምፒዩተሩ መስኮት ላይ ቁልጭ ብለው ይታዩ ነበር። ከዚያ በኋላ ወጪ ለመቆጠብ ሲባል የውስጥ ገጾቹ በጥቁር ቀለም ብቻ እንዲታተሙ ተወሰነ፤ 500 ቅጂም ታተመ።

ጥራዙን ደልጊ ላይ ስናድል አንድ አዛውንት ተቀብለው ካርታውን ቀረብ አድርገው፣ መልሰውም ራቅ አድርገው ተመለከቱት።

«ልጄ፣ ከእነዚህ ውስጥ ውሃው የቱ ነው? ክልሉስ የቱ ነው?» አሉኝ።

ተቀብዬ አየሁት። ሁለቱም መስመሮች አንድ ዓይነት ግራጫ ሆነዋል። የምልክት መግለጫው «ሰማያዊ» እና «አረንጓዴ» ይላል፤ በወረቀቱ ላይ ግን ሰማያዊም አረንጓዴም የለም።

«አባቴ፣ ይሄኛው ውሃው ይመስለኛል» አልኋቸው።

«ታዲያ በይመስለኛል ነው የምዘራው?» ብለው ወረቀቱን አጠፉና ከጋቢያቸው ሥር አኖሩት።

ባልደረቦቼ ሆይ፤ ማተሚያ ቤቱ አልበደለንም፤ የላክንለትን አትሟል። ጥፋቱ የእኛ ነበር። ነገሩን በቁጥር ብንመለከተው ይበልጥ ግልጽ ይሆናል። በኮምፒዩተር መስኮት ላይ ማንኛውም ቀለም ከቀይ፣ ከአረንጓዴና ከሰማያዊ ብርሃን ይደባለቃል፤ የእያንዳንዱም መጠን ከ0 እስከ 255 ይለካል። ወደ ግራጫ ሲለወጥ በተለመደው ስሌት የቀዩ 0.299፣ የአረንጓዴው 0.587፣ የሰማያዊው 0.114 እጅ ተወስዶ ይደመራል። እንግዲህ ቀዩ 0፣ አረንጓዴው 120፣ ሰማያዊው 200 የሆነ ውብ ሰማያዊ መስመር ወደ 93 ይወርዳል። ቀዩ 0፣ አረንጓዴው 140፣ ሰማያዊው 90 የሆነ አረንጓዴ መስመርም ወደ 92 ይወርዳል። 92ን ከ93 የሚለይ ዓይን የለም። ማንኛችንም ይህን ስሌት በሁለት ደቂቃ ልንሠራው እንችል ነበር፤ ግን አልሠራነውም።

ያ ካርታ ሌላም ሕመም ነበረበት። ካርታውን ከመጀመሪያው ፋይል በማውጣት ፈንታ፣ ከመስኮቱ ላይ ፎቶ አንሥተን ነበር በገጹ ላይ ያስገባነው። ስፋቱ 900 ፒክስል ነበር፤ በገጹ ላይ ደግሞ 15 ሴንቲ ሜትር እንዲይዝ ተዘረጋ። 15 ሴንቲ ሜትር 5.9 ኢንች ያህል ስለሆነ፣ ለእያንዳንዱ ኢንች የደረሰው 152 ፒክስል ብቻ ነው። በጥሩ ወረቀት ላይ ለሚታተም ፎቶግራፍ የተለመደው ልክ በኢንች 300 ነው፤ ቀጫጭን መስመርና ፊደል ላለበት ንድፍ ግን ከ600 እስከ 1200 ይፈለጋል። ስለዚህ የቀበሌዎቹ ስም ተድበስብሶ ወጣ። ከዚህም ላይ ልብ ሊባል የሚገባው ነገር አለ። የሥዕሉ ጥራት የሚለካው በፋይሉ ውስጥ በተጻፈው ቁጥር ሳይሆን፣ በገጹ ላይ በሚይዘው ስፋት ነው። ረጅም ጎኑ 1280 ፒክስል የሆነ ፎቶግራፍ በ10 ሴንቲ ሜትር ስፋት ቢታተም ያምራል፤ ያው ፎቶግራፍ ገጹን በሙሉ እንዲሸፍን ቢዘረጋ ይፈዛል። ኤ4 የሚባለውን ገጽ ለመሙላት 2480 በ3508 ፒክስል ያስፈልጋል።

በየቢሮአችን የሚደርሱን ፎቶግራፎች አብዛኞቹ በስልክ ተነሥተው በቴሌግራም የሚላኩ ናቸው። ፎቶግራፉ እንደ ፎቶ ሲላክ ይጨመቃል፤ እንደ ፋይል ሲላክ ግን እንዳለ ይደርሳል። የዎርድ ፕሮግራምም ሰነዱን ስናስቀምጥ የሥዕሎቹን ጥራት ሊቀንስ ይችላል። ይህን የማያውቅ ሰው ያለ ምንም ክፉ ሐሳብ ሥራውን ያበላሻል።

ስለ ፊትም አንድ ነገር ልናገር። የዓሣ አጥማጆችንና የገበሬዎችን ፎቶግራፍ በርካሽ ወረቀት ላይ ስናሳትም፣ ፊታቸው ጠቁሮ ዓይናቸውና አፋቸው የማይለይበት ጊዜ ብዙ ነው። ምክንያቱ ግልጽ ነው። የማተሚያ መኪና ግራጫ ቀለም የለውም፤ ጥላውን በጥቃቅን ጥቁር ነጠብጣቦች ይከፋፍለዋል። ቀለሙ በወረቀቱ ውስጥ ሲሠርግ እያንዳንዱ ነጠብጣብ ይሰፋል። በጋዜጣ ወረቀት ላይ 50 በመቶ የነበረው ጥላ ከ75 በመቶ ሊያልፍ ይችላል። እንግዲህ ጠይም ፊት ያለውን፣ በዚያም ላይ ባርኔጣ ወይም ጥምጥም ያጠላበትን ሰው ፎቶግራፍ አስቀድመን ካላፈካነው፣ ሰውየው በራሱ ታሪክ ውስጥ ፊት የሌለው ይሆናል። በአራት ቀለም ሲታተምም የአራቱ ቀለማት ድምር በጋዜጣ ወረቀት ላይ ከ240 በመቶ እንዳይበልጥ መጠንቀቅ ያሻል፤ ካለዚያ ቀለሙ ሳይደርቅ ወደ ሌላው ገጽ ይተላለፋል።

የፊደልም ነገር አለ። የግዕዝ ፊደል ወደ ዩኒኮድ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ከዚያ በፊት በተሠሩት የፊደል ፕሮግራሞች የተዘጋጁ ካርታዎች አሁንም በመዝገብ ቤቶቻችን ይገኛሉ። ፊደሉ ከሥዕሉ ጋር አብሮ ካልታሸገ፣ «ደልጊ» የሚለው ስም በማተሚያ ቤቱ ኮምፒዩተር ላይ ትርጉም የሌለው የላቲን ፊደል ክምችት ሆኖ ይወጣል።

አሁን የሚነሣው ጥያቄ፣ ይህ ምርመራ የማን ሥራ ነው? የሚለው ነው። ሰነዱን ያዘጋጀው ማተሚያ ቤቱ ያያል ብሎ ያስባል፤ ማተሚያ ቤቱ ደግሞ ደንበኛው አይቶ ልኮታል ብሎ ያስባል። በመካከሉ የሚያይ ሳይኖር ሰነዱ ይታተማል። እርግጥ ነው፣ ዛሬ ይህን የሚሠሩ ፕሮግራሞች አሉ። አክሮባት ፕሮም ሆነ ያለ ክፍያ የሚገኘው ስክራይበስ ሰነዱን መርምረው የፈዘዘውን ሥዕል፣ የጎደለውን ፊደልና ተገቢ ያልሆነውን የቀለም ዓይነት ለይተው ያመለክታሉ። እኔም ሁልጊዜ እጠቀምባቸዋለሁ። ነገር ግን የዚያ የደልጊ ካርታ መስመሮች በየትኛውም ፕሮግራም ቢመረመሩ ነቀፋ አይገኝባቸውም ነበር። ለፕሮግራሙ ሁለት ግራጫ መስመሮች ሕጋዊ ናቸው። አንዱ ውሃ፣ ሌላው ክልል መሆኑን፣ አንድ ሰውም በዚያ ላይ ተመሥርቶ እንደሚዘራ የምናውቀው እኛ ብቻ ነን።

ስለሆነም ሁለት ምርመራዎች ያስፈልጋሉ። የመጀመሪያው የቁጥር ምርመራ ነው፤ ይህን ለመሣሪያ ልንተወው እንችላለን። ሁለተኛው የትርጉም ምርመራ ነው፤ ይህ ግን የባለሙያው ግዴታ ነው። አፈጻጸሙም ከባድ አይደለም። ገጹን በሚታተምበት ልክ፣ በሚታተምበት የቀለም ዓይነት፣ በቢሮ ማተሚያ በአንድ ወረቀት ላይ ማውጣት፤ ከዚያም ሥራውን ለማያውቅ ሰው ሰጥቶ «እዚህ ላይ ምን ታያለህ?» ብሎ መጠየቅ ነው። መልሱ የተሳሳተ ከሆነ ስሕተቱ የአንባቢው አይደለም። መስመሮችንም በቀለም ብቻ ከመለየት ይልቅ አንዱን ድፍን፣ ሌላውን ቁርጥራጭ ማድረግ ቀለሙ ቢጠፋ እንኳ ትርጉሙን ያድናል።

በጣና ደሴቶች ገዳማት የሚገኙትን የብራና መጻሕፍት ያየ ሰው፣ ጸሐፊው የተሳሳተውን ቃል ፍቆ እንዳረመው ይመለከታል። ለእርሱ ስሕተቱ የአንድ መጽሐፍ ስሕተት ነበር፤ በካራ ይፋቅ ነበር። ብርሃንና ሰላም ማተሚያ ቤት በ1914 ዓ.ም. ከተቋቋመ ወዲህ የኅትመት ጥቅም በአገራችን ተስፋፍቷል፤ የኅትመት ስሕተት ግን በካራ አይፋቅም። እኛ በአንድ ቀን 500 ስሕተት ሠርተናል።

በመጨረሻም ያደረግነውን ልንገራችሁ። ካርታውን ከመጀመሪያው ፋይል እንደገና አውጥተን፣ የውሃውን መስመር ድፍን፣ የክልሉን ቁርጥራጭ አድርገን፣ በአንድ ቅጠል ላይ ከኪሳችን አሳተምነው። ወደ ደልጊም ተመልሰን አደልነው። አዛውንቱንም ፈልጌ አንዱን ሰጠኋቸው። እንደ ፊተኛው ቀረብ፣ ራቅ አድርገው አዩትና ድፍኑን መስመር በጣታቸው ተከትለው የራሳቸው ማሳ ካለበት ላይ አቆሙ። ምንም አልጠየቁኝም። የዚያ ዓመት የሽምብራ ዘር ጊዜ ግን አልፎ ነበር።