ረጅም ተከታታይ መጽሐፍ ይነበብ ወይስ ይቅር? ስለ ጠፈር ኦፔራ የተደረገ ንግግር

(በንባብ ክበባችን የክርክር ምሽት ላይ፣ ተከታታይ መጻሕፍት ይነበቡ ከሚለው ወገን የቀረበ)




ዛሬ ማታ በፊታችሁ የቆምነው፣ ለብዙ ሳምንታት በየመኝታ ክፍሉና በየሻይ ቤቱ ሲያከራክረን የቆየውን ጉዳይ ወደ አደባባይ አውጥተን ለመነጋገር ነው። ጉዳዩም፣ የጠፈር ኦፔራ የሚባሉት፣ አንዱ መጽሐፍ ሲያልቅ ሌላው የሚተካባቸው፣ ዐሥርና ሃያ ዓመት፣ አልፎ ተርፎም የአንድ ጸሐፊ ዕድሜ ሙሉ የሚወስዱት ልብ ወለዶች ለአንባቢ ይጠቅማሉ ወይስ ጊዜውን ይበላሉ የሚለው ነው። ክበባችን ለመጪው መንፈቅ የሚያነበውን የሚመርጠው በዛሬው ድምፅ ስለሆነ፣ ነገሩ ለጨዋታ ያህል ብቻ የተነሣ አይደለም። ለመጽሐፍ መግዣ የምናዋጣው ገንዘብ ጥቂት ነው፤ ከፈተና የሚተርፈን ሰዓት ደግሞ ከገንዘቡም ያንሳል።

ስለ ስሙ አንድ ነገር ብለን እንለፍ። «የጠፈር ኦፔራ» የሚለው ስም የተወለደው ከስድብ ነው። ያወጣውም ዊልሰን ተከር የተባለ አሜሪካዊ በ1941 ዓ.ም. ነው፤ በዚህ ንግግር የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን ልብ በሉልን። በዚያ ዘመን በአሜሪካ ራዲዮ፣ የሳሙና ነጋዴዎች ወጪያቸውን የሚችሉላቸው፣ መጨረሻ የሌላቸው የቤተሰብ ድራማዎች «የሳሙና ኦፔራ» ይባሉ ነበር። ተከርም የመንኮራኩርና የከዋክብት ጦርነት ታሪክ ቢሰለቸው በዚያው አምሳል ስም ለጠፈበት። ዘፈንስ የሚባል ነገር የለበትም። ይሁን እንጂ ስድቡ ውሎ አድሮ ማዕርግ ሆነ። ሁጎ የሚባለው የሳይንስ ልብ ወለድ ሽልማት እንኳ ከ2017 ጀምሮ ለተከታታይ ሥራ ብቻ የሚሰጥ ክፍል አለው። ለውድድሩ የሚቀርበው ሥራ ከሦስት መጻሕፍት ያላነሰና በጠቅላላው ቢያንስ 240,000 ቃላት የሚሞላ መሆን አለበት። ድምፅ የሚሰጡትም የማኅበሩ አባላት የሆኑ አንባቢዎች ናቸው እንጂ የፕሮፌሰሮች ጉባኤ አይደለም። ስለዚህ አንባቢዎች ተሰብስበው ስለ እነዚህ መጻሕፍት መከራከራቸው በእኛ የተጀመረ አይደለም።

የተቃዋሚዎቻችን ብርቱ ክርክር ጊዜ ነው። ይህን አንክድም፤ እንዲያውም ሒሳቡን እኛው እንሥራላቸው። በጀርመን አገር «ፔሪ ሮዳን» የሚባል ተከታታይ አለ። ካርል ኸርበርት ሼርና ቫልተር ኤርንስቲንግ የጀመሩት ሲሆን፣ የመጀመሪያው ቁጥር የወጣው በመስከረም 8 ቀን 1961 ነው። ከዚያ ወዲህ በየሳምንቱ አንድ ቀጭን መጽሐፍ እየወጣ፣ በየካቲት 2019 ላይ 3,000ኛው ቁጥር ታተመ። ጀማሪዎቹ ሁለቱም ሞተዋል፤ ሥራው ግን በሌሎች ጸሐፊዎች እጅ ቀጠለ። አንዱን ቁጥር በአንድ ሰዓት ተኩል እናነባለን ብንል፣ 3,000ው 4,500 ሰዓት ይፈጃል። በቀን ሁለት ሰዓት ለሚያነብ ተማሪ ይህ ከስድስት ዓመት በላይ ነው። በዚህን ያህል ዘመን ሰው ሕክምና ተምሮ ይወጣል!

ታዲያ ይህን አንብቡ የሚላችሁ ማን ነው? እኛ አይደለንም። «ፔሪ ሮዳን» በአንባቢዎቹ ዘንድ እንደ ጋዜጣ ያለ ነገር ነው፤ ሳምንቱ ሲደርስ ይገዛል፣ ይነበባል፣ ስለ እርሱም ደብዳቤ ይጻፋል። ጋዜጣን ከመጀመሪያው ቁጥር ጀምሮ ካላነበብሁ የሚል ሰው እንደሌለ ሁሉ፣ ይህንንም ከመካከል ገብቶ የሚያነብ ብዙ ነው። ተቃዋሚዎቻችን የዚህን ርዝመት እያሳዩ አራትና አምስት መጽሐፍ ያለውን ሥራ ሊከሱበት አይገባም፤ ሁለቱ ርዝመቶች አንድ ዓይነት አይደሉም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንግባ። ረጅም ተከታታይ ሊያደርገው የሚችል፣ አንድ መጽሐፍ ግን ብቻውን ሊያደርገው የማይችል ነገር አለ ብለን እናምናለን። ይኸውም አንባቢውን አንድ ነገር አስወድዶ፣ ዓመታት አሳልፎ ተመልሶ በመምጣት፣ የወደደውን እንዲመረምር ማስገደድ ነው።

የፍራንክ ኸርበርትን «ዱን» ውሰዱ። ከሃያ በላይ አሳታሚዎች አንፈልገውም ካሉት በኋላ፣ በ1965 ያተመው የመኪና ጥገና መጻሕፍት በማውጣት የታወቀ ድርጅት ነው። (የጥገና መጽሐፍ አታሚ ከሥነ ጽሑፍ አታሚዎች የተሻለ ዓይን ነበረው ማለት ነው።) ታሪኩን ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ። ፖል የሚባል ወጣት መስፍን አባቱን ይገደላል፤ ወደ በረሃ ሸሽቶ የበረሃውን ሰዎች ያስተባብራል፤ እነርሱም ሲጠብቁት የኖሩት አዳኝ እርሱ ነው ብለው ይከተሉታል፤ በመጨረሻም ንጉሠ ነገሥቱን አሸንፎ ዙፋን ይይዛል። የበረሃው ሰዎች ከሚጠሩት ስሞች አንዱ «ማህዲ» ነው። ይህ ቃል የአገራችንን ታሪክ ለተማረ እንግዳ አይደለም፤ ዐፄ ዮሐንስ በ1889 መተማ ላይ የወደቁት ከማህዲ ተከታዮች፣ እኛ ደርቡሽ ከምንላቸው፣ ጋር ሲዋጉ ነበር። ስለዚህ አንድ ሰው ከሰማይ እንደተላከ ሲታመን ሠራዊቱ ምን ያህል እንደሚጓዝ ለእኛ የሚነግረን ልብ ወለድ ብቻ አይደለም።

ነገር ግን የመጀመሪያውን መጽሐፍ አንብቦ የሚዘጋ ሰው፣ ፖልን እንደ ጀግና ይዞት ይሄዳል። በክበባችንም መጽሐፉን ያነበብነው ሁሉ፣ ፖል ሲያሸንፍ ደስ ያላለን አልነበረም። ኸርበርት በ1969 ያሳተመው ሁለተኛው መጽሐፍ ግን ሒሳቡን ያቀርብልናል፤ በፖል ስም በተደረገው ጦርነት የሞተው ሰው ቁጥር 61 ቢሊዮን ነው ይለናል። ይህንንም የሚናገረው ፖል ራሱ ነው። የመጀመሪያውን በመጽሔቱ ከፋፍሎ ያተመው ታላቁ አዘጋጅ ጆን ካምቤል ሁለተኛውን አልቀበልም አለ፤ ጀግናው ጀግና ሆኖ አለመዝለቁ አላስደሰተውም። ብዙ አንባቢም ከካምቤል ጋር ተስማማ። እኛ ግን እንዲህ ስንል እንጠይቃለን፤ ያ ቅሬታ ራሱ የመጽሐፉ ትምህርት አይደለምን? ጸሐፊው ስለ ታላላቅ መሪዎች አደገኛነት አንድ ድርሰት ጽፎ ቢሰጠን፣ ራሳችንን ነቅንቀን እንስማማና እንረሳው ነበር። እርሱ ግን አስቀድሞ እኛኑ ከተከታዮቹ መካከል አሰለፈን።

ከዚህ የሚበልጥብን የአይዛክ አዚሞቭ «ፋውንዴሽን» ነው፤ ትርጓሜው «መሠረት» ማለት ነው። አዚሞቭ ይህን ሐሳብ ይዞ ወደዚያው ወደ ካምቤል ቢሮ የሄደው በነሐሴ 1941 ነው። ያን ጊዜ የ21 ዓመት ወጣት፣ በኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ የኬሚስትሪ ተማሪ ነበር፤ ማለት ዕድሜው እንደ እኛው ነው። የእንግሊዛዊውን የጊበንን የሮም ውድቀት ታሪክ አንብቦ፣ ያንን ወደ ጋላክሲ አሻገረው። 12,000 ዓመት የቆየ ንጉሠ ነገሥታዊ መንግሥት ሊፈርስ ነው፤ ከፈረሰም 30,000 ዓመት የጨለማ ዘመን ይመጣል። ሃሪ ሴልደን የሚባል የሒሳብ ሊቅ፣ የብዙ ሕዝብን ጉዞ አስቀድሞ የሚቀምር ሳይንስ ፈጥሮ፣ የጨለማውን ዘመን ወደ 1,000 ዓመት የሚያሳጥር እቅድ ያወጣል። የኬሚስትሪ ተማሪዎች እንደምታውቁት፣ አንዲት የጋዝ ቅንጣት ወዴት እንደምትሄድ አይታወቅም፤ የብዙዎቹ ጠባይ ግን በሕግ ይታወቃል። አዚሞቭም ሰውን እንደ ጋዝ ቆጠረው።

በዚህ ላይ አንድ ቅድመ ሁኔታ አለ፤ ሕዝቡ እቅዱን ማወቅ የለበትም። ካወቀ ጠባዩን ይለውጣልና ሒሳቡ ይበላሻል። ስለዚህም የእቅዱ ጠባቂዎች፣ ሁለተኛው ፋውንዴሽን የሚባሉት ሊቃውንት፣ ተሰውረው ይኖራሉ፤ ሲያስፈልግም የሰውን አእምሮ ሳያውቀው ያቃናሉ። በ1953 በታተመው ሦስተኛው መጽሐፍ፣ ምስጢራቸውን ለመጠበቅ ሲሉ ከራሳቸው ወገን 50 ሰዎችን ለሞት ወይም ለዘለዓለም እስራት አሳልፈው ይሰጣሉ። መጽሐፉም ይህን እንደ ድል አድርጎ ይዘጋል።

ወገኖቻችን፣ ክርክሩ የጋለው እዚህ ላይ ነበር። አንድ የሒሳብ ተማሪ ወንድማችን «እቅዱ ትክክል ከሆነ፣ 29,000 የመከራ ዓመታት ከቀሩ፣ መሰወሩ ምን ይጎዳል?» አለ። አንዲት የሕግ ተማሪ እኅታችን ደግሞ «ማን ፈቀደላቸው?» ስትል መለሰች። ከዚያ ወዲያ የተነጋገርነው ስለ ጋላክሲ አልነበረም። የተማረ ሰው ላልተማረው ሳይነግረው ሊያስብለት ይችላል ወይ? ገበሬው አይገባውም፣ ነጋዴው አይገባውም፣ እኛ ግን ገብቶናል የሚለው ቃል ከአፋችን ስንት ጊዜ ወጥቷል? ይህን ጥያቄ ከመማሪያ ክፍል ይልቅ የመንኮራኩር መጽሐፍ ሊያነሣብን መቻሉ አስገርሞናል። በዚያ ምሽት መብራት እስኪጠፋ ድረስ ተከራክረን ሳንስማማ ተለያየን።

መጽሐፉ እንከን የለውም አንልም። አዚሞቭ ራሱ በ1981 ሦስቱን መጻሕፍት እንደገና ሲያነብ፣ አንድ ነገር ይሆናል ብሎ ቢጠብቅ፣ ሰዎች ሲነጋገሩና ሲያስቡ እንጂ ሌላ ምንም ሲሆን እንዳላገኘ ጽፏል። የመጀመሪያውን መጽሐፍ ያነበቡ እኅቶቻችንም ሴት ለማግኘት ብዙ ገጽ መገልበጥ እንዳስፈለጋቸው ተናግረዋል፤ እውነታቸውን ነው። ነገር ግን በሁለተኛው መጽሐፍ ቤይታ የምትባለዋ ሴት፣ ሊቃውንቱ ሁሉ ያላዩትን ጠላት ለይታ የምታውቀው እርሷ ናት። በሦስተኛውም የ14 ዓመቷ አርካዲያ ታሪኩን ትመራለች። ጸሐፊው በዓመታት ውስጥ አደገ፤ ማደጉንም ያየነው ተከታታዩ ስለቀጠለ ነው።

ከ1953 በኋላ አዚሞቭ ይህን ታሪክ ወደ ሠላሳ ለሚጠጉ ዓመታት ተወው። አንባቢውና አሳታሚው ሲወተውቱት በ1982፣ በ62 ዓመቱ፣ አራተኛውን አወጣ። በዚህ መጽሐፍ አንድ ሰው በሦስት መንገዶች መካከል እንዲመርጥ ይደረጋል፤ በመሣሪያ ኃይል የሚገዛው፣ በስውር አእምሮ የሚገዛው፣ ወይም ሁሉም ፍጥረት በአንድ አእምሮ የሚያስብበት። ያ በሃያ አንድ ዓመቱ የነደፈው እቅድ በስልሳ ሁለት ዓመቱ አጠራጠረው ማለት ነው። ለእኛ ይህ ከማንኛውም የመንኮራኩር ውጊያ የሚበልጥ ነው። በ1986 የወጣውን አምስተኛውን ግን አንወደውም። በመጨረሻው ላይ፣ ከሁሉ በስተኋላ ሆኖ ሰውን ሲመራ የኖረ አንድ እድሜ ጠገብ ሮቦት ተገኘና፣ ከእቅድ አውጪዎቹ ጀርባ ሌላ እቅድ አውጪ ቆመ። ጥያቄው መልስ ሳያገኝ ወደ ኋላ ተገፋ።

ጸሐፊው ከሞተ በኋላ ሌሎች ስለሚቀጥሉት ሥራ በአጭሩ እንናገር። ኸርበርት ስድስት የ«ዱን» መጻሕፍት ጽፎ በ1986 ሞተ፤ ከ1999 ጀምሮ ልጁ ብራያን ከኬቪን አንደርሰን ጋር ሆኖ ብዙ ጨመረበት። ያነበብናቸው ጥቂቶቹ ምስጢሩን ሁሉ እየዘረዘሩ ያስረዳሉ፤ አባትየው ግን ሆን ብሎ ዝም ያለበት ቦታ ነበር። ስኮትላንዳዊው ኢያን ባንክስ ስለ «ካልቸር» የጻፋቸው፣ ከ1987 እስከ 2012 የወጡት መጻሕፍት እያንዳንዳቸው ለብቻቸው ስለሚነበቡ፣ በ2013 ሲሞት በመንገድ የቀረ አንባቢ የለም። ሁለት ጸሐፊዎች በአንድ የብዕር ስም የጻፉት «ኤክስፓንስ» ደግሞ በ2011 ተጀምሮ በ2021 በዘጠነኛው መጽሐፍ ተዘጋ፤ ማለቅን የሚያውቅ ተከታታይ እንዳለ ምስክር ነው።

ስለዚህ ለክበቡ የምናቀርበው ሐሳብ ይህ ነው። በመጪው መንፈቅ የ«ፋውንዴሽን» የመጀመሪያዎቹ ሦስት መጻሕፍትና የ1982ቱ አራተኛው ይነበቡ፤ በታተሙበት ተራ ይነበቡ እንጂ፣ በኋላ የተጻፈው ቅድመ ታሪክ በፊት አይግባ። ሦስቱ ቀጫጭኖች ናቸው፤ ያገለገሉ ቅጂዎችም ከአሮጌ መጽሐፍ ሻጮች ዘንድ በርካሽ ይገኛሉ። ለአምስት ሰው አንድ ቅጂ ይበቃል። ከሦስተኛው በኋላ ድምፅ ይሰጥ፤ አብዛኛው ይቁም ካለ፣ ለአራተኛው የተዋጣው ገንዘብ ተቃዋሚዎቻችን ለሚመርጡት አንድ ነጠላ መጽሐፍ ይዋል።

የተሰጠን ሰዓት አልቋል። «ማን ፈቀደላቸው?» ያለችው እኅታችን ከተቃዋሚዎች ወገን ተሰልፋለችና፣ መድረኩን ለእርሷ እንለቃለን።