የበረሃ ጽጌረዳ በወይና ደጋ ግቢ
(ዱራሜ ላይ ለማኅበሩ አባላት ከተደረገ ንግግር)



በመሐንዲሶች ጉባኤ ላይ ስለ አንድ የአበባ ተክል መናገር ከሙያችን የራቀ መስሎ የሚታየው ሰው አይጠፋም። ይሁን እንጂ ሕንፃ ሠርተን ስናስረክብ በዋጋ ሰንጠረዡ መጨረሻ ላይ «የግቢ ማስዋብ» የምትል አንዲት መሥመር እንደምትገኝ ሁላችንም እናውቃለን። በዚያች መሥመር ሥር ምን እንደሚተከልና ከየት እንደሚመጣ የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው። ዛሬ ላነሣው የወደድኩት በዚህች መሥመር በኩል ወደ ግቢያችን ስለሚገባው ስለ በረሃ ጽጌረዳ ነው።

በሳይንሳዊ ስሙ አዴኒየም ኦቤሰም ይባላል። ጽጌረዳ መባሉ ለአበባው ውበት እንጂ ለዝምድናው አይደለም፤ የቅርብ ዘመዱ በየመንገዱ ዳር ለጌጥ የሚተከለው ኦሊያንደር ነው፤ መርዛምነቱም እንደዚያው ነው። ተክሉን ለሳይንስ ያስመዘገበው በየመን ሲዘዋወር የነበረው ስዊድናዊ የተፈጥሮ ተመራማሪ ፔር ፎርስኮል ነው። ፎርስኮል እ.ኤ.አ. በ1763 እዚያው የመን ውስጥ በበሽታ ስለ ሞተ፣ ጽሑፉ በጉዞ ጓደኛው በካርስተን ኒቡር አማካይነት በ1775 ታተመ። «አዴኒየም» ከኤደን ወደብ ስም የተወሰደ ሲሆን «ኦቤሰም» ማለት ወፍራም ማለት ነው። በሀገራችን በኦጋዴን፣ በቦረናና በደቡብ ኦሞ ቆላዎች በራሱ ይበቅላል።

ወፍራም ያሰኘው ግንዱ ነው። የእንሰት አሚቾ ምግብ እንደሚያከማች ሁሉ፣ የዚህም ተክል ግርጌ አብጦ ለድርቁ ወራት የሚሆነውን ውሃ ያከማቻል። ቅጠሉ በቅርንጫፉ ጫፍ ተሰብስቦ ይወጣል፤ አበባው አምስት ከንፈር ያለው መለከት ይመስላል፤ ቀለሙም ከፈዛዛ ሐምራዊ እስከ ደማቅ ቀይ ይደርሳል።

በአበባ ጊዜ ማንም ይለየዋል፤ አስቸጋሪው ባላበበበት ወቅት ነው። ያን ጊዜ ሰው ሁሉ ውሃ የሚቋጥረውን ተክል በጅምላ «ቁልቋል» ይለዋል። እኔ የምመክረው ቅርንጫፉን በጥቂቱ ጭረት አድርጎ ፈሳሹን መመልከት ነው። ወተት የመሰለ ነጭ ፈሳሽ በብዛት ከወጣ ተክሉ ከቁልቋል ወይም ከቅንጭብ ወገን ነው። ቢጫና መራራ ፈሳሽ ከወፍራም ቅጠሉ ከወጣ እሬት ነው። ከአሜሪካ የመጣው በለስ ወተት የለውም፤ እሾሁ ግን በየነጥቡ ተሰብስቦ ስለሚወጣ አያሳስትም። የበረሃ ጽጌረዳ እሾህ ፈጽሞ የለውም፤ ፈሳሹም ብዙውን ጊዜ ውሃ የመሰለ ነው። ይህን ሲያደርጉ እጅን ወደ ዓይንና ወደ አፍ አለማስጠጋት፣ ኋላም በሳሙና መታጠብ የግድ ነው፤ የቅንጭብ ወተት ዓይንን ክፉኛ ይጎዳልና።

አሁን ወደ ራሳችን ሙያ ልመለስ። እዚህ በአምበሪቾ ግርጌ፣ ከባሕር ጠለል በላይ 2,000 ሜትር ገደማ ላይ፣ ይህን ተክል የሚገድለው ድርቅ አይደለም፤ የሚገድለው ውሃችንና እንክብካቤያችን ነው። በበልግ የጀመረው ዝናብ በክረምት ሲበረታ፣ ቀዩ ሸክላማ አፈራችንም ውሃ ሲቋጥር፣ በመሬት ላይ የተተከለው ተክል ሐምሌ ሳያልቅ ግርጌው ይበሰብሳል። በአንድ ግቢ በግንቡ ሥር ተደርድረው የተተከሉት አንድ ክረምት ብቻ ቆይተው ሲወድቁ አይቻለሁ። ዙሪያቸው በሲሚንቶ ስለ ተከበበ የጣራው ውሃ መውጫ አልነበረውም።

ስለሆነም በእኛ አየር ንብረት በማሰሮ መትከል ይሻላል፤ ማሰሮውም ገበያ ላይ የሚገኘው ተራው የሸክላ ማሰሮ ሆኖ ታቹ ሰፋ ብሎ ይበሳ። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሰጠው ምክር ከታች ጠጠር ማንጠፍ ነው። በበኩሌ ይህን ምክር አልቀበለውም። ከወለል በታች ድንጋይ የምንነጥፈው እርጥበት በደቂቅ ቀዳዳዎች እየተሳበ ወደ ላይ እንዳይወጣ አይደለምን? ያው ድንጋይ በማሰሮ ታች ሲነጠፍ ደግሞ እርጥበቱ ወደ ታች እንዳይሳብ ያግደዋል። ደቂቁ አፈር ውሃውን አጥብቆ ይይዛል፤ ጠግቦ ካልሞላ በቀር ወደ ጠጠሩ አይለቅም። ስለዚህ ጠጠሩ ረግረጉን ወደ ሥሩ አቀረበው እንጂ አላደረቀውም። መፍትሔው ሻካራውን ነገር ከላይ እስከ ታች መቀላቀል ነው፤ ለመንገድ ሥራ የምናውቀው ቀይ አሽ ዱቄቱ በወንፊት ተለይቶ ሁለት እጅ፣ የበሰለ ብስባሽ አንድ እጅ ቢሆን መልካም ነው።

በበጋ አፈሩ ደርቆ ሲታይ ብቻ አጥግቦ ማጠጣት፤ በክረምት ከጣራ ጠርዝ ሥር አስገብቶ ውሃውን መከልከል ነው። በብርድ ቅጠሉን ቢያራግፍ ሞተ ብሎ መጣል አይገባም። ግርጌውን በጣት ሲጫኑት ጠንካራ ከሆነ ሕያው ነው፤ ከለሰለሰ መበስበስ ጀምሯል ማለት ነው። የተበላሸውን እስከ ጤናማው ሥጋ ድረስ በንጹሕ ቢላዋ ቆርጦ፣ ቁስሉን በጥላ ለብዙ ቀናት አድርቆ እንደገና መትከል አንዳንዴ ያድነዋል።

መርዙን በቀላሉ ማለፍ አይቻልም። ፈሳሹ የልብን ምት የሚያዛባ ንጥረ ነገር አለበት፤ በምሥራቅ አፍሪካ አዳኞች የፍላጻ መርዝ ያዘጋጁበት ነበር። ልጆቻችን ያገኙትን እንጨት መፋቂያ ማድረግ ይወዳሉ። ስለዚህ በትምህርት ቤትና በጤና ጣቢያ ግቢ ይህ ተክል እንዳይገባ መሐንዲሱ እንቢ ማለት አለበት፤ አሠሪው በአበባው ቢማረክ እንኳ።

የቀረው ምንጩ ነው። ግርጌው የገዘፈ ተክል በፍጥነት የሚያስፈልገው ተቋራጭ ከቆላው ምድር ነቅሎ ማምጣትን ይመርጣል፤ እንዲህ ያለው ተክል ግን በብዙ ዓመታት ያደገ ነው፤ በእኛ ክረምትም ይጠፋል፤ ቆላውም ያጣዋል። ዘሩ ግን ትኩስ ሲሆን በሙቀት በአንድ ሳምንት ገደማ ይበቅላል። ቅርንጫፍም ተቆርጦ ሥር ይሰዳል፤ ነገር ግን ከዘር የበቀለውን ያህል ያማረ ግርጌ አያወጣም። ፍሬው ጥንድ ቀንድ ይመስላል፤ ሲበስል ይሰነጠቃል፤ ዘሩም በሁለቱ ጫፎቹ ባሉት የጸጉር ጥፍጥፎች በነፋስ ስለሚበተን፣ ሳይሰነጠቅ በፊት በክር ማሰር ወይም በሻሽ መሸፈን ይገባል። ለፍሬ ደግሞ ከአንድ በላይ ተክል ጎን ለጎን ቢኖር ይመረጣል።

ስለዚህ በሚቀጥለው የዋጋ ሰንጠረዣችሁ ላይ ከተክሉ ስም ቀጥሎ እነዚህን ቃላት እንድትጨምሩ እጠይቃለሁ፤ «ከዘር የበቀለ፤ ከዱር ያልተነቀለ፤ በማሰሮ የሚቀርብ»።