ሐኪሙና የምግባችን ነገር



የስኳር በሽታ ወይም የደም ብዛት ተገኝቶበት ከሐኪም ቤት የተመለሰ ሰው ከመካከላችሁ አይጠፋም። የመድኃኒቱ ስም፣ መጠኑና ሰዓቱ በወረቀት ተጽፎ ተሰጥቶታል። ስለ ምግቡ የተነገረው ግን ሊወጣ ሲነሣ «ምግብዎን ያስተካክሉ፤ ጨው ይቀንሱ» የሚል ቃል ብቻ ነው። ምኑን ትቶ ምኑን እንደሚይዝ ሳይረዳ ወደ ቤቱ ይገባል፤ ከዚህም የተነሣ ሐኪሙን በቸልተኝነት ያማዋል።

ነገሩን ለመረመረው ሰው ግን ሐሜቱ ያለ ቦታው የዋለ ነው። በአሜሪካ አገር በፔንሲልቫኒያ ዩኒቨርሲቲ ሥራ የጀመሩ የውስጥ ደዌ ሐኪሞች ተጠይቀው መልሳቸው በፈረንጆች አቆጣጠር በ2008 ዓ.ም. ታትሞ ነበር። ከመቶው 94ቱ ሕመምተኛን ስለ ምግብ ማነጋገር ግዴታችን ነው ሲሉ፣ ሐኪሞች ለዚሁ የሚበቃ ትምህርት አግኝተዋል ያሉት 14ቱ ብቻ ናቸው። የዚያው አገር የሳይንስ አካዳሚ በ1985 ለሥነ ምግብ ቢያንስ 25 ሰዓት ትምህርት እንዲሰጥ መክሮ ነበር፤ በ2010 በታተመ ጥናት ግን የሕክምና ትምህርት ቤቶቹ አማካይ 20 ሰዓት እንኳ አልሞላም።

ወደ አገራችን ስንመለስ ሌላ ችግር ይጨመራል። መማሪያ መጻሕፍቱ በብዛት ከውጭ አገር የመጡ ስለ ሆኑ የሚናገሩት ስለ ዳቦና ስለ ድንች ነው፤ ሕመምተኛው ግን የሚበላው እንጀራና ሽሮ ነው። ከሁሉም የሚያሳስበው የጾሙ ጉዳይ ነው። ሑዳዴ 55 ቀን፣ ረመዳን 29 ወይም 30 ቀን ነው። ኢንሱሊን የሚወጋ ሰው እንደ ልማዱ ተወግቶ እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል ሳይቀምስ ቢውል የደሙ ስኳር ከሚገባው በታች ይወርዳል፤ ያልበዋል፣ እጁ ይንቀጠቀጣል፣ ራሱንም ስቶ ሊወድቅ ይችላል። ሕመምተኛው እንዳይከለከል ፈርቶ መጾሙን ይደብቃል፤ ሐኪሙም በሃይማኖት የገባ እንዳይመስልበት አይጠይቅም። ሁለቱም ሃይማኖቶች ለሕመምተኛ የሚራሩበት ሥርዐት እያላቸው በዚህ ዝምታ ሰው መጎዳቱ ያሳዝናል።

እንግዲህ ሐኪሙ እስኪጠይቃችሁ አትጠብቁ። ከቀጠሮው በፊት የሦስት ቀን ምግባችሁን ከነሰዓቱ ጻፉ። በቢሮ የሚጠጣው ሻይ ከነስኳሩ ይጻፍ፤ ይህን ከምግብ የሚቆጥር የመሥሪያ ቤት ሰው እስካሁን አልገጠመኝም። የምትጾሙ ከሆነ ጾሙ ሳይገባ አስቀድማችሁ ንገሩት፤ የመድኃኒቱን መጠንና ሰዓት የሚለውጠው እርሱ ነውና በገዛ እጃችሁ አትቀንሱ፣ አታቋርጡም። ለጥያቄያችሁ የሚበቃ መልስ ካላገኛችሁም የሥነ ምግብ ባለሙያ ወዳለበት ሆስፒታል እንዲልካችሁ ሳታፍሩ ለምኑት፤ ወረቀቱንም ይዛችሁ ሂዱ።