ባሕር ማዶ የቀረ ጡረታ



በእንግሊዝ አገር ለብዙ ዓመታት ሠርተው ጓዛቸውን ጠቅልለው ለመመለስ የሚያስቡ የሙያ ባልደረቦቻችን ደጋግመው የሚያነሡት ጥያቄ አለ፤ ይኸውም «ጡረታዬን ይዤ መምጣት እችላለሁን?» የሚል ነው።

አስቀድሞ ሁለቱን ጡረታዎች መለየት ያስፈልጋል። የመንግሥቱ ጡረታ ከቦታው አይነቀልም። 10 የመዋጮ ዓመታት ያሉት ሰው የትም አገር ተቀምጦ ይቀበለዋል፤ ሆኖም በኢትዮጵያ ለሚኖር ሰው የየዓመቱ ጭማሪ ስለማይታሰብለት መጀመሪያ በተወሰነለት መጠን ይቀራል። ገበያው ግን ባለበት አይቆምም።

ሁለተኛው በአሠሪው በኩል የተጠራቀመው ጥሪት ነው። ይህ በሕግ ወደታወቀ የውጭ አገር የጡረታ ፈንድ ሊዛወር ይችላል፤ ነገር ግን ከ2017 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ባለቤቱና ፈንዱ በአንድ አገር ካልሆኑ በአብዛኛው ከመቶ 25 ግብር ይነሣለታል። ከ40,000 ፓውንድ 10,000ው በመንገድ ቀረ ማለት ነው! ወዳልታወቀ ፈንድ ከተላከ ደግሞ ግብሩ ከመቶ 40 አያንስም። የአገራችን ጡረታ ሠራተኛው ከመቶ 7፣ አሠሪው ከመቶ 11 በየወሩ በሚያዋጡት የቆመ ነው፤ ከባዕድ አገር ለሚመጣ ጥሪት ማስቀመጫነት አልታሰበም።

ስለዚህ «በሦስተኛ አገር በኩል አዛውርልሃለሁ» ለሚል ደላላ፣ የሚቆረጠውን ሁሉ በጽሑፍ ሳያቀርብ ፊርማ ሊሰጠው አይገባም። እኔ በበኩሌ ጥሪቱን ባለበት ትቶ ዕድሜው ሲደርስ ከዚያው መቀበልን እመርጣለሁ። አድራሻ በተለወጠ ቁጥር ለፈንዱ በጽሑፍ ማስታወቅ ግን የባለቤቱ ፈንታ ነው።