መርዶ፣ ለቅሶ፣ ከሰባቱ ቀን በኋላ
(በሐዴራ ለማኅበረሰባችን አባላት የቀረበ ንግግር)



ዛሬ እንድናገር የተጠየቅሁት ሰው ለሞተበት ሰው በባለሙያ ስለሚሰጠው ምክር ነው። ከእናንተ መካከል «እኛ ለቅሶ የምናውቅ ሕዝብ ነን፤ ሐዘንተኛን ማጽናናት ደግሞ ከማን ልንማር ነው?» የሚል ይኖራል። ጥያቄው ተገቢ ስለሆነ ከእርሱው ልጀምር።

በአገራችን መርዶ እንዴት ይነገር እንደነበር አስታውሱ። ወሬው መጀመሪያ የሚደርሰው ለሟች ቤተሰብ ሳይሆን ለዘመድ ወይም ለጎረቤት ነው። እነርሱ ይመካከራሉ፣ ሽማግሌ ይመርጣሉ፣ ሌሊቱን ያሳልፋሉ። ሰውየው ከቤት ሳይወጣ፣ ገና ጎህ ሲቀድ ተሰብስበው በሩን ያንኳኳሉ። ያን ሁሉ ሰው በዚያ ሰዓት ደጁ ላይ ሲያይ፣ አፍ ሳይከፈት ልቡ ያውቃል። ሲወድቅ የሚይዘው እጅ አለ፤ ደረቷን የምትደቃ እናት ራሷን እንዳትጎዳ የሚጠብቃት ሴት አለ። ይህ ሁሉ በዘፈቀደ የመጣ አልነበረም። ሰው ብቻውን መርዶ እንዳይሰማ የተደረገ ጥበብ ነው።

እዚህ ግን ነገሩ ተለወጠ። በሆስፒታል ሐኪሙ ለቅርብ ዘመድ ወዲያው መናገር አለበት። በአጠገቡ የተገኘው የቅርብ ዘመድ ዕብራይስጥ የማያውቅ ከሆነ ደግሞ አስተርጓሚ የሚሆነው ልጅ ነው። የአሥራ አራት ዓመት ልጅ የአባቱን ሞት ለእናቱ እንዲተረጉም ይደረጋል። እኔ ከዚህ የከፋ መርዶ አላውቅም። አሁን ደግሞ ስልኩ አለ፤ ሽማግሌዎቹ ገና ሳይሰበሰቡ የሟች ፎቶግራፍ በፌስቡክና በዋትስአፕ ይዞራል። ፎቶግራፉን የምታስተላልፉ ወጣቶች ክፋት አስባችሁ እንዳልሆነ አውቃለሁ፤ ግን እስከ ማግስቱ ጠዋት ታገሡ።

በሆስፒታሉ በኩል ልናደርገው የምንችለው ነገር አለ። በየሆስፒታሉ ኦቬድ ሶሲያሊ ይገኛል። ሕመምተኛው በጠና ሲታመም አስቀድማችሁ «ነገር ቢደርስ መጀመሪያ ለወንድሙ ንገሩ፣ ሌላውን ቤተሰብ እኛ እንሰበስባለን» ብላችሁ የወንድሙን ስልክ ስጡ። ልመና አይደለም፣ መብት ያለው ሰው ጥያቄ ነው። ልጅም አስተርጓሚ እንዳይሆን እምቢ በሉ።

አሁን ወደ ከበደው ነገር ልምጣ፤ እርሱም ለቅሶ ያልተለቀሰለት ሞት ነው።

በሱዳን በኩል የመጣችሁ ታውቁታላችሁ። በመንገድና በኡም ራኩባ፣ በገዳሪፍም አካባቢ በነበሩ ሰፈሮች ያለቀው ወገናችን ወደ አራት ሺህ ይገመታል። ማንነታችን እንዳይታወቅ ስለምንፈራ ድምፅ ከፍ አድርጎ ማልቀስ እንኳ አስጊ ነበር። እናት ልጇን ቀብራ በማግስቱ ሰልፍ ላይ ቆማለች። ከዚያም የሙሴ ዘመቻ በኅዳር 1984 ተጀመረ፣ ወሬው ስለወጣ በጥር 1985 መጀመሪያ ተቋረጠ፣ ቤተሰብም ለሁለት ተከፈለ። ብዙዎቹ እስከ ግንቦት 1991፣ እስከ ሰሎሞን ዘመቻ ድረስ አልተገናኙም። በነዚያ ዓመታት የአባትና የእናት ሞት እዚህ የሚደርሰው ከወራት፣ አንዳንዴም ከዓመት በኋላ ነበር።

እዚህ ላይ ብዙዎቻችንን ያደናገረ ነገር አለ። በዚህ አገር ሃላኻ መሠረት የሞቱን ወሬ ሰላሳ ቀን ካለፈ በኋላ የሰማ ሰው ሺቭዓ የሚቀመጠው ሰባት ቀን ሳይሆን አንድ ሰዓት ብቻ ነው። በእኛ ልማድ ግን መርዶው በዓመቱም ቢደርስ ለቅሶው ሙሉ ነው፤ ለሰሚው ሰውየው የሞተው ዛሬ ነውና። ሕጉን ለመንቀፍ አይደለም የምናገረው፣ እርሱ የሊቃውንቱ ሥራ ነው። ነገር ግን አንድ ሰዓት ተቀምጣ በማግስቱ ወደ ፋብሪካ የሄደች ሴት ሐዘኗን የት እንዳስቀመጠችው መጠየቅ አለብን።

እኔ እንደማየው በሆዷ አስቀምጣዋለች። እኛ ሐዘንን በሆድና በልብ እንናገራለን። «ሆዴ ተቃጠለ» ስትል አስተርጓሚው ቃሉን እንዳለ ይመልሰዋል፤ ሐኪሙም የጨጓራ ምርመራ ያዝዛል። «ልቤን» ስትል ወደ ልብ ሐኪም ትላካለች። ምርመራው ንጹሕ ሆኖ ሲመለስ «ምንም የለብሽም» ትባላለች። ሕመሙ ግን አለ! እርግጥ ነው፣ ሆድ የሚያመው በጨጓራም ጭምር ስለሆነ ምርመራው አይቅር፤ ነገር ግን «ሰው ሞቶብኛል፣ በወጉም አላለቀስሁም» ማለትን ጨምሩበት። ይህን የቃልና የባህል ክፍተት ለመሙላት ነው በ1998 ተነ ብሪኡት የተባለው ድርጅት የተቋቋመው። ስሙም የእኛን «ጤና» ከዕብራይስጡ «ብሪኡት» ጋር ያጣመረ ነው።

ታዲያ የባለሙያው ምክር ምን ይጨምራል? ለቅሶ ጉልበቱ በሰባቱ ቀን ነው። ሰው ይሞላል፣ ቡናው ይፈላል፣ ሟች ይወሳል፣ በተዝካሩም ይሰበሰባል። አንዳንድ ልጆቻችን ይህ ሁሉ ወጪና ድካም ነው ይላሉ። ድንኳኑ ይነስ፣ ምግቡ ይቀነስ ካላችሁ እስማማለሁ፤ ሰው አይምጣ ካላችሁ ግን አልስማማም። ችግሩ እንግዳው ከሄደ በኋላ ነው። በአገራችን ጎረቤት በየቀኑ ብቅ ይላል። በጊቫት ኦልጋ አራተኛ ፎቅ ላይ ግን በሩ ሲዘጋ ይዘጋል።

የዓለም ጤና ድርጅት በ2022 ሥራ ላይ ባዋለው የበሽታዎች ዝርዝር ውስጥ የረዘመ ሐዘን የሚባል ሕመም ተጨምሯል። ቢያንስ ስድስት ወር አልፎት፣ ናፍቆቱና ሥቃዩ ሰውየውን ከዕለት ኑሮው ያገደው ሲሆን ነው። ደግሞም ከራሱ ባህልና ሃይማኖት ልማድ ያለፈ መሆን አለበት ይላል። ይህን ልብ በሉት። ባለሙያው ልማዳችንን ሳይጠይቅ ሊፈርድ አይችልም ማለት ነው፤ ካልጠየቃችሁም እናንተ ንገሩት።

በክፍሉ ውስጥ የሚደረገው ደግሞ የሚያስፈራ አይደለም። ስለ ሟች ትናገራላችሁ፣ ስሙን ትጠራላችሁ፣ እንዴት እንደሞተ፣ እናንተ የት እንደነበራችሁ ትተርካላችሁ። እብደት ስላለባችሁ አይደለም የምትሄዱት። መድኃኒት የሚያዝዘው የሥነ አእምሮ ሐኪም እንጂ አማካሪው አይደለም። የተናገራችሁትንም እንዲጠብቅ ሕግ ያስገድደዋል። አስተርጓሚው ዘመድ ወይም የሰፈር ሰው ከሆነ ሌላ እንዲመጣ ጠይቁ፤ በዚህ ማፈር አያስፈልግም። መንገዱ በኩፓት ሆሊም የቤተሰብ ሐኪም ወይም በከተማው የማኅበራዊ አገልግሎት ቢሮ በኩል ነው። ሌሊት ለጨነቀው ኤራን በ1201 ስልክ ያነሣል።

ለሱዳን ሙታኖቻችን በሄርጽል ተራራ ላይ በ2007 ሐውልት ቆሞላቸዋል፤ በየዓመቱ በኢያር 28 ቀን፣ በኢየሩሳሌም ቀን፣ የመንግሥት ሥነ ሥርዓት ይደረጋል። መቃብሩን ለማያውቅ ሰው ማልቀሻ ቦታ ማግኘት ቀላል ነገር አይደለም። አረጋውያኑን ስትወስዱ ልጆቹንም ይዛችሁ ሂዱ።

ስለ ልጆች አንድ ነገር ልጨምር። «አያትህ ሩቅ አገር ሄደዋል» እያልን የምንደብቀው እስከ መቼ ነው? እስከ ጎህ መደበቅ ሥርዓታችን ነው፣ ለዓመት መደበቅ ግን አይደለም። ልጁ ከትምህርት ቤት ጓደኛው ይሰማዋል፤ ያን ጊዜ ሁለት ነገር ያጣል፣ አያቱንና በእናንተ ላይ ያለውን እምነት። በአጭር ቃል፣ «ሞተዋል» ብላችሁ ንገሩት፤ ሲጠይቅ መልሱለት። ከሺቭዓው በኋላ ወደ ክፍሉ ከመመለሱ በፊት ለአስተማሪው ወይም ለትምህርት ቤቱ ዮዔጼት ደውሉ፤ ማን እንደሞተና ልጁ በምን ስም ይጠራቸው እንደነበር ንገሯት።