ስሜን ተራሮች ላይ ያየነውና መዝገባችን ያሳየን

(በማኅበራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ጉባኤ ላይ ከሒሳብ ክፍል የቀረበ ንግግር)



እኛ የሒሳብ ክፍል ሠራተኞች የተለመደውን የገቢና ወጪ ሪፖርት አቅርበናል። አሁን ደግሞ በጥቅምት ወር 2010 ዓ.ም. 22 አባላት ወደ ስሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ስላደረግነው የሁለት ቀን ጉዞ እንድንናገር ተጠይቀናል። ጉዞው በመካከላችን ክርክር አስነሥቶ ስለነበር፣ ያየነውን ከመዝገቡ ጋር አያይዘን እናቀርባለን።

የልጅ ደብተር መግዣ የሚቸግራት እናት ባለችበት ማኅበር ሽርሽር ምን ይሉታል ያላችሁ አባላት ነበራችሁ። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ መልሱም መዝገብ ላይ አለ። ከብድር ፈንዱም ሆነ ደጋፊዎቻችን ከሰጡን ገንዘብ አንዲት ሳንቲም አልተነካችም። 22ታችን በወር 100 ብር ለ10 ወር ቆጥበን 22,000 ብር አጠራቀምን። መዝገቡም፣ ደረሰኙም፣ ሣጥኑም ለብቻው ነበር።

ከገንዘቡ ይልቅ ያስቸገረን ሌላ ነገር ነው። ከመካከላችን ብዙዎቻችን ከቤታችን ውጪ ያደርነው ለለቅሶ፣ ለጠበል ወይም አራስ ለመጠየቅ ብቻ ነው። ለራሷ ብላ መንገድ የወጣች ጥቂት ናት። ባሏን ለማስፈቀድ ሦስት ወር የፈጀባት አለች። ልጆቿን ለጎረቤት አደራ ሰጥታ፣ እስክትመለስ ሆዷ ሲባባ የከረመም አለች። ከጎንደር 100 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ርቆ ያለውን ተራራ ለማየት የውጭ አገር ሰው ባሕር ተሻግሮ ሲመጣ፣ እኛ ግን ስሙን ብቻ እየሰማን አርጅተን ነበር።

ለማታውቁት ባጭሩ እንንገራችሁ። ፓርኩ የተቋቋመው በ1962 ዓ.ም. ነው። በ1970 ዓ.ም. ዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ብሎ መጀመሪያ ከመዘገባቸው 12 ቦታዎች መካከል ሁለቱ የእኛ ነበሩ፤ ላሊበላና ስሜን። ከ4,500 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው የአገራችን ትልቁ ተራራ ራስ ደጀንም የሚገኘው በዚሁ በስሜን ነው።

መግቢያው ደባርቅ ነው። በፓርኩ ጽሕፈት ቤት የመግቢያውን ከፈልን፤ አስጎብኚና መሣሪያ የያዘ ስካውት ተመደበልን። ሳንቃ በር አካባቢ ስንደርስ ከ3,200 ሜትር በላይ ወጥተናል። ነፋሱ ጋቢ ዘልቆ ይገባል፤ ትንሽ ሲራመዱ ትንፋሽ ያጥራል። ሁለት እናቶቻችንን ራሳቸውን ስላመማቸው ሁላችንም በእነሱ እርምጃ ሄድን። ከገደሉ አፋፍ ላይ ቆመን ቁልቁል ስናይ፣ ከሥራችን ሌላ አገር ያለ ይመስላል፤ ተራራ ከተራራ ኋላ፣ በመካከሉ ደግሞ ጭስ የሚወጣባቸው ጎጆዎች። ለረጅም ጊዜ የተናገረ ሰው አልነበረም።

ከሁሉ ያሳቁን ጭላዳዎቹ ናቸው። ከኢትዮጵያ በቀር የትም አይገኙም። ቀኑን ሙሉ መሬት ላይ ተቀምጠው ሣር ሲነጩ ይውላሉ፤ ሲመሽ ወደ ገደሉ ወርደው ያድራሉ። አስጎብኚያችን እንዳስረዳን፣ ቤተሰቡን የሚያጸኑት ሴቶቹ ናቸው። ወንዱ በሌላ ወንድ ይተካል፤ ሴቶቹ ግን ከእናታቸውና ከእኅቶቻቸው ጋር ይኖራሉ። ይህን ስንሰማ ማኅበር ማለትስ ይኼ ነው ተባብለን ሳቅን።

በማግሥቱ ከደባርቅ ገና ሳይነጋ ተነሥተን እስከ ጨነቅ ሄድን። መንገዱ ዳር ጅባራው እንደ ዘበኛ ተደርድሮ ቆሟል። ዋልያ ያየነው እዚያ ነው። ስሙን የምናውቀው በእግር ኳስ ቡድናችን ነበር። ቀንዱ ወደ ኋላ የተቆለመመ አንድ ትልቅ ወንድ ከእኛ በታች ባለው ገደል ላይ፣ እግር ማሳረፊያ አለው በማይባል ቦታ፣ ተረጋግቶ ይግጣል። ዋልያ በዱር የሚኖረው በስሜን ብቻ ነው። ከዚህ ከጠፋ ከዓለም ጠፋ ማለት ነው።

የመጥፋቱ ነገር ደግሞ ወሬ ብቻ አልነበረም። የዋልያው ቁጥር በመመናመኑ፣ እርሻና ግጦሽም በመስፋፋቱ ፓርኩ በ1989 ዓ.ም. አደጋ ላይ ካሉ የዓለም ቅርሶች መዝገብ ገብቶ ነበር። ከዚያ የወጣው በ2009 ዓ.ም. ነው። እንዲወጣ ከተደረጉት ሥራዎች አንዱ፣ በፓርኩ መሐል የነበረውን የግጭን መንደር ማንሣት ነበር። ገብስ እያረሱና ከብት እያረቡ ይኖሩ የነበሩ ከ400 የሚበልጡ ቤተሰቦች ወደ ደባርቅ ወርደዋል።

ደባርቅ ባደርንበት ምሽት ከዚያ ከተነሡ ሴቶች ጋር ቡና ጠጣን። ሣሩ እንዳገገመ፣ እንስሳቱ እንደተመለሱ እነሱም ይናገራሉ፤ ደስም ይላቸዋል። ነገር ግን በደጋ ገብስ ስታጭድ፣ በግ ስታረባ የኖረች ሴት ከተማ ስትገባ እጇ ላይ ያለው ሙያ ገበያ አያወጣላትም። ካሳው የተወሰነ ነው፤ ወሩ ግን አይቆምም። ዳቦ ጋግራ፣ ጠላ ጠምቃ፣ ስፌት ሰፍታ ለመኖር የምትታገል አለች። ለቱሪስት የሚከራየው በቅሎም ሆነ የአስጎብኚነቱ ሥራ በአብዛኛው የወንድ ነው። ከእነዚህ ሴቶች አንዷ የጠየቀችንን አልረሳነውም፤ ሣሩ ተመለሰ፣ ዋልያው ተመለሰ፣ የእኛስ ኑሮ መቼ ይመለሳል?

ይህን ጥያቄ ይዘን ከተመለስን በኋላ የጉዞውን ሒሳብ ዘጋን። እንዲህ ነው፦

ለመኪና ኪራይ 9,000 ብር።
ከጎንደር ለተገዛ ስንቅ 4,000 ብር።
ለመኝታ 3,300 ብር።
ለመግቢያ፣ ለአስጎብኚና ለስካውት 2,500 ብር።
ከአካባቢው ሴቶች ለተገዛ ቡና፣ እንቁላል፣ ዳቦና ስፌት 1,200 ብር።
ጠቅላላ ወጪ 20,000 ብር፤ ቀሪ 2,000 ብር።

እንግዲህ ካወጣነው 100 ብር ውስጥ በፓርኩ አጠገብ በምትኖር ሴት እጅ የገባው 6 ብር ነው። ስንቅ ቋጥሮ መሄድ የእናቶቻችን ወግ ነው፤ የሚያስነቅፍም አይደለም። ነገር ግን ስንቁን እዚያው ከእነሱ ብናሠራ፣ አንድ ብር ሳንጨምር 6ቱ ብር 26 ይሆናል። እኛ 22 ሴቶች ብቻ ነን። ወደዚያ የሚሄድ ማኅበር፣ ትምህርት ቤት፣ መሥሪያ ቤት ሁሉ እንዲሁ ቢያስብ ምን ያህል ጓዳ እንደሚሞላ አስቡት።

ተራራውን የሚጠብቀው ስካውቱና ሕጉ ብቻ አይደሉም። በአጠገቡ የምትኖረው ሴት ከተራራው እንጀራ ካገኘች እሷም ትጠብቀዋለች። ካጣች ግን ጦም ያደሩ ልጆቿን ይዛ ዋልያውን ጠብቂ ማለት ግፍ ነው። እኛ በብድርና በቁጠባ የተማርነውም ይህንኑ ነው፤ ሰው ድርሻ ያለውን ነገር ይጠብቃል።

ስለዚህ ለጉባኤው ሦስት ሐሳብ እናቀርባለን። አንደኛ፣ የጉዞ ቁጠባው በፈቃደኝነት፣ ከብድር ፈንዱ በተለየ መዝገብ ይቀጥል። ሁለተኛ፣ በሚቀጥለው ጉዞ ምግቡም መስተንግዶውም በደባርቅ ሴቶች ይሠራ፤ ክፍያውም በቀጥታ ለእነሱ ይሁን። ሦስተኛ፣ ቀሪው 2,000 ብር፣ ቆጣቢዎቹ እንደተስማማነው፣ ከእነዚያ ሴቶች መካከል ጥቂቶቹን እዚህ ጋብዘን የቁጠባ አያያዝንና የመዝገብ አጻጻፍን ለማሳየት ይዋል። ሲመጡ የምናሳድራቸው በየቤታችን ነው፤ ለመኝታ ወጪ አይኖርም።

ለሽርሽር ነው ብላችሁ የተቃወማችሁ እናቶች፣ ጥያቄያችሁ መዝገቡን በጥንቃቄ እንድንይዝ አድርጎናልና እናመሰግናችኋለን። በሚቀጥለው ጉዞ እናንተም አብራችሁን ብትወጡ ደስ ይለናል። ጋቢ ግን አትርሱ፤ ብርዱ አይጣል ነው።

ሦስቱን ሐሳቦች ለውይይት ክፍት አድርገናል።